ያላፈረው ሰባኪና ያፈረው ጀግና
ምፀትና የሰው ድካም በ14ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ተረት



አንድ ሰባኪ ላስተዋውቃችሁ። ፀጉሩ እንደ ሰም ቢጫ ነው፤ ጺም የሚባል ነገር አላበቀለም፤ ድምፁ የፍየል ድምፅ ይመስላል። ከሮም ትኩስ ትኩሱን መጣ የሚለው የስርየት ወረቀት የታጨቀበት ቦርሳ ጭኑ ላይ አኑሯል። ካንተርበሪ ለመሳለም ከሚሄዱ ሰዎች ጋር ተቀላቅሏል። ተራው ደርሶ ተረት አውራ ሲሉት መጀመሪያ እዚህ መጠጥ ቤት ጎራ ብዬ አፌን ላርጥብ፣ ጥቂትም ልቅመስ ይላል። ከዚያ የሥራውን ምስጢር ለመንገድ ጓደኞቹ ይዘረግፍላቸዋል። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን እየዞረ እንደሚሰብክ፣ ርእሱም ሁልጊዜ አንድ እንደሆነ ይነግራቸዋል፤ ገንዘብ መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር መሆኑን የሚናገረው የቅዱስ ጳውሎስ ቃል ነው። ለምን እንደሚሰብክም አይደብቅም። ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው። የሰሚዎቹ ነፍስ ከሞት በኋላ የትም ብትንከራተት ደንታ የለውም። ልጆቿ በረሃብ የሚያልቁባት ድኻ ባልቴት ብትሆን እንኳ በእጇ ያለውን እንደሚቀበላት በኩራት ይናገራል። በዚህ ሙያ በዓመት 100 ማርክ አገኛለሁ ይላል።

100 ማርክ ምን ያህል ነው? ይህን ሰው የፈጠረው ደራሲ ጄፍሪ ቾሰር በ1367 ከንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ የተቆረጠለት ዓመታዊ ድጎማ 20 ማርክ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) አጭበርባሪው ለንጉሡ አገልጋይ ከተቆረጠለት አምስት እጥፍ ያገኛል ማለት ነው። ቾሰር ያንን ቁጥር ሲጽፍ ፈገግ ሳይል የቀረ አይመስለኝም።

የዛሬው ርእሴ በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ ተረት ውስጥ ምፀትና የሰው ድካም እንዴት እንደተገናኙ ነው። ሰፊ ነገር ነው፤ እኔ ግን ሁለት ሰዎችን ይዤ ነው የመጣሁት። አንዱ ይህ ምንም የማያሳፍረው ሰባኪ ነው። ሌላው በአንዲት ትንሽ ጥፋት ዕድሜ ልኩን ሲያፍር የሚኖር ጀግና ነው። የፈጠሯቸው ሁለት ደራሲዎች በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር ኖረዋል። በሰው ድካም ሲስቁ ከላይ ተቀምጠው አይስቁም፤ ራሳቸውንም አድማጩንም ከሚሳቅበት ሰው ጎን ያሰልፋሉ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው።

ቾሰር በ1340ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ከወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ በ1348 የገባው ታላቁ ወረርሽኝ ከአገሩ ሕዝብ ቢያንስ ሲሶውን ፈጀ። በ1359 ፈረንሳይ ዘምቶ ተማረከ፤ በዓመቱ ንጉሡ ለማስለቀቂያው 16 ፓውንድ አዋጣ። በመንግሥት ሥራ ተልኮ የኢጣሊያን ከተሞች አይቷል። በ1374 የለንደን ወደብ የሱፍ ጉምሩክ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመና አሥራ ሁለት ዓመት ሠራበት። ሱፍ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ ነው። ሰው ጭነቱን አሳንሶ ሲያስመዘግብ ፊቱ ምን እንደሚመስል ለመማር ከጉምሩክ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም። መኖሪያው ኦልድጌት ከሚባለው የከተማ በር አናት ላይ ነበር፤ በ1381 ካመፁት ገበሬዎች ከኤሴክስ የመጡት ለንደን የገቡት በዚያው በር ነው። በ1386 ደግሞ ኬንትን ወክሎ ፓርላማ ተቀመጠ። እንግዲህ ነጋዴውን፣ ወታደሩን፣ ጳጳሱን፣ ሹሙንና ሌባውን ሁሉ በቅርብ ያየ ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ላቲን በሚወድበት ዘመን እሱ በገበያው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ ጻፈ።

የካንተርበሪ ተረቶችን የጀመረው 1387 አካባቢ ነው። ሠላሳ ያህል ተሳላሚዎች ከቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ሳውዝዋርክ ሰፈር፣ ታባርድ በሚባል ማደሪያ ቤት ይገናኛሉ። የሚሄዱት በ1170 በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ በሰይፍ የተገደለውን የሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬትን መቃብር ለመሳለም ነው። ባለማደሪያው ሃሪ ቤይሊ አንድ ሐሳብ ያመጣል። መንገዱ እንዳይሰለቻችሁ እያንዳንዳችሁ ስትሄዱ ሁለት፣ ስትመለሱ ሁለት ተረት አውሩ፤ የበለጠው ሰው በሌሎቻችሁ ወጪ እዚሁ እኔ ቤት ራት ይበላል ይላል። (የራቱ ሒሳብ የማን ኪስ እንደሚገባ ልብ በሉ።) ሐሳቡ ከመቶ በላይ ተረት ይፈልግ ነበር። ቾሰር በ1400 ሲሞት ያለቀውም የተቋረጠውም ተደምሮ የተገኘው 24 ነው።

መግቢያው ላይ ተሳላሚዎቹን አንድ በአንድ ይስላቸዋል፤ ሁሉንም ደግሞ ያመሰግናቸዋል። እመምኔቷ ገበታ ላይ ጨዋ ናት፤ ከአፏ ቁራሽ አይወድቅም። ልቧ ሩኅሩኅ ስለሆነ በወጥመድ የተያዘች አይጥ ስታይ ታለቅሳለች። ውሾቿን ጥብስ ሥጋ፣ ወተትና ነጭ ዳቦ ትመግባለች። በዚያ ዘመን ነጭ ዳቦ የድኻ ምግብ አልነበረም፤ ቾሰር ግን ይህን አይነግረንም። ውሾቹን አሳይቶን ያልፋል። መነኩሴው አደን ይወዳል፤ እጅጌው ውድ በሆነ የአውሬ ፀጉር ተለብጧል፤ መነኩሴ ከገዳሙ አይውጣ የሚለውን የጥንት ሥርዓት ንቆታል። ተራኪው እዚህ ላይ ጣልቃ ይገባና መነኩሴው እውነቱን ነው ብሎ ይደግፈዋል፤ ሰው መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ አእምሮውን ለምን ይጨርሳል ይላል። ነጋዴው ሁልጊዜ ስለ ትርፉ ያወራል፤ ዕዳ እንዳለበት ግን ማንም አያውቅም። ማንም ካላወቀ እኛ ከየት ሰማን? ሐኪሙ፣ ወርቅ ለልብ መድኃኒት ነው ስለሚባል፣ ወርቅ አጥብቆ ይወዳል። የሕግ ዐዋቂው ከማንም በላይ ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ ከሆነው በላይ ደግሞ ሥራ የበዛበት ይመስላል። ስለ ወጥ ሠሪው ሙያ ብዙ ከተወራ በኋላ ቅልጥሙ ላይ የሚያዥ ቁስል እንዳለ እንሰማለን፤ ወዲያው ቀጥሎም ነጩን የዶሮ ምግብ የሚስተካከለው የለም ይባላል። ከዚህ ሰው እጅ የሚበላ ይብላ።

የሚያጋልጣቸው ምስጋናው ራሱ ነው። የአማርኛ አንባቢ ሰምና ወርቅ ትዝ ይለው ይሆናል፤ ልዩነት ግን አለ። በቅኔ ወርቁን የሚደብቀው ተቀኚው ነው፤ ያውቀዋል። በቾሰር ዘንድ ተናጋሪው ሰም ብቻ የያዘ ይመስለዋል፤ ወርቁ ሳያውቀው ከአፉ ያመልጠዋል። ሁሉን የሚያምነው፣ ሁሉን የሚያደንቀው ተራኪም ከዚህ አያመልጥም፤ እሱም ቾሰር ራሱ ነው። ጉምሩክ ውስጥ ማንንም ሳያምን አሥራ ሁለት ዓመት የሠራው ሰው፣ ተረቱ ውስጥ ሲገባ የነገሩትን ሁሉ የሚቀበል የዋህ ሆነ።

አንድም ጥርስ የማይነካቸው ሰዎች አሉ። ድኻው የገጠር ቄስና ወንድሙ ገበሬው ናቸው። ቄሱ ዝናብ ይሁን ነጎድጓድ በትሩን ይዞ በእግሩ እየሄደ ሩቅ ያለውን ምእመን ይጠይቃል፤ ዐሥራት ያልከፈለውን ለማውገዝ ይከብደዋል። ቾሰር ሳቁን የት ማቆም እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ሁልጊዜ ግን ያውቅ ነበር ማለት አልችልም። እመምኔቷ ተራዋ ሲደርስ የእመቤታችንን ተአምር ታወራለች። እንዲህ ያሉ የተአምር ታሪኮች በምዕራብ አውሮፓ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየተሰበሰቡ ሲዞሩ ኖረው፣ በዐረብኛ በኩል አልፈው ወደ ግዕዝ የተመለሱት በዐፄ ዳዊት ዘመነ መንግሥት ነው፤ ቾሰር በሚጽፍበት ዘመን ገደማ ማለት ነው። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ያደገ ሰው የነገሩን አካሄድ ወዲያው ይለየዋል። የእመምኔቷ ተረት ግን ጥላቻ የገባበት ነው። አይሁድ ለእመቤታችን የሚዘምር ሕፃን አርደው ጉድጓድ ጣሉ የሚለውን የዘመኑን የሐሰት ክስ ይደግማል። እንግሊዝ አይሁድን ጠቅላላ ያባረረችው በ1290 ስለሆነ ተረቱን የሚሰሙት ሰዎች አይሁዳዊ ጎረቤት ኖሯቸው አያውቅም። ለአይጥ የምታለቅሰው ሴት፣ በተረቷ ውስጥ ሰዎች በፈረስ ተጎትተው ሲሰቀሉ ዓይኗ አይርስም። ይህ ሆነ ተብሎ እሷን ለማጋለጥ የተደረገ ምፀት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኔ ይህን መከራከሪያ አልወደውም። የምንወደው ደራሲ ባጠፋ ቁጥር ምፀት ነው እያልን የምናወጣው ከሆነ ማንም አጥፍቶ አያውቅም ማለት ነው።

ተረቱ ሲያልቅ ሁሉም ዝም ይላል። ባለማደሪያው ዝምታውን ለመስበር ዐይኑን ቾሰር ላይ ያሳርፋል። አንተ ደግሞ ማነህ፣ ጥንቸል የምትፈልግ ይመስል መሬት መሬቱን የምታየው? ይለዋል፤ በወፍራም ወገቡም ይቀልድበታል። ቾሰርም የማውቀው ድሮ የተማርኩትን አንድ ግጥም ብቻ ነው ብሎ ሰር ቶፓስ ስለሚባል ፈረሰኛ ይጀምራል። ግጥሙ ዱብ ዱብ እያለ ይሄዳል፤ የትም ግን አይደርስም። በመጨረሻ ባለማደሪያው በቃ፣ ጆሮዬን አመምኸኝ ብሎ ያስቆመዋል፤ ግጥሙን ከምን ጋር እንዳመሳሰለው በዚህ አዳራሽ አልደግመውም። አገሩ ካፈራቻቸው ባለቅኔዎች ግንባር ቀደሙ በገዛ መጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ግጥም ለራሱ ሰጠ። ስለ ሌላው ድካም ሲናገር ጆሮዬን የምሰጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰባኪያችን። በ1378 ቤተ ክርስቲያኗ ተከፍላ አንዱ ፖፕ ሮም፣ ሌላው አቪኞን ተቀምጠዋል። የስርየት ሻጭነት በመሠረቱ ሕጋዊ ሥራ ነው፤ ፈቃድ የያዘ ሰው ለሆስፒታልና ለመሳሰለው ምጽዋት ይሰበስባል፣ የሰጠውም ሰው የስርየት ቃል ያገኛል። ይሁንና ሁለት ፖፕ ባሉበት ዘመን የወረቀቱ ማኅተም እውነተኛ ይሁን ሐሰተኛ የገጠር ሰው በምን ያውቃል? የእኛ ሰው ከወረቀቱ ሌላ የቅዱሳን አፅምና ንዋይ እያለ የሚያሳየው ነገር አለው። የትራስ ልብስ ያወጣና የእመቤታችን መጎናጸፊያ ነው ይላል። ብጣሽ ጨርቁን የቅዱስ ጴጥሮስ ጀልባ ሸራ ነው ይላል። በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያለው የዐሣማ አጥንት ነው። ከሁሉ የምትበልጠው ግን አንዲት ዘዴ ናት። ስብከቱን ሲጨርስ ያውጃል፦ ከእናንተ መካከል ለመናዘዝ እንኳ የሚያሳፍር ከባድ ኃጢአት የሠራ፣ ወይም ባሏ ላይ የሄደች ሴት ካለች፣ ይህን ንዋይ ለመሳለምና መባ ለመስጠት አቅም አይኖራቸውም ይላል። እንግዲህ ማን ቁጭ ብሎ ይቀራል? የቀረ ሁሉ መጠርጠሩ ነው። ሰዉ እየተጋፋ ይመጣል። ይህ ሰው በሃይማኖት አይነግድም፤ የሚነግደው በይሉኝታ ነው። እኛ ይሉኝታን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

የሚያወራው ተረት ታዲያ አስደናቂ ነው። ቦታው ፍላንደርስ፣ ዘመኑ የወረርሽኝ ነው። ሦስት ጎረምሶች ከማለዳ ጀምሮ መጠጥ ቤት ተቀምጠዋል። የሬሳ ደወል ይሰማሉ። ማን ነው የሞተው? ብለው የቤቱን ልጅ ሲጠይቁት፣ የእናንተው ጓደኛ ነው፣ ማታ ሰክሮ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ ሞት የሚባል ሌባ መጥቶ ልቡን በጦር ወጋው ይላቸዋል። ልጁ እናቱ ያስጠነቀቀችውን ነው የሚናገረው። ሰካራሞቹ ግን ሞትን አንድ መንደር ውስጥ የሚኖር ወንበዴ አድርገው ያዙት። ወንድማማች እንሁን ተባብለው ይማማላሉ፤ ዛሬ ሳይመሽ ሞትን እንገድላለን ብለው ይነሣሉ።

መንገድ ላይ አንድ በጣም ያረጀ ሰው ያገኛሉ። ይህን ያህል ዕድሜ እስክትጠግብ ምን ጎለተህ? ብለው ያንጓጥጡታል። ሽማግሌው ወጣትነቱን በእርጅናዬ የሚለውጠኝ ሰው አጣሁ፣ ሞትም አልወሰደኝ ይላል። በበትሩ መሬቱን፣ የእናቱን ደጅ፣ ጧትና ማታ እያንኳኳ አስገቢኝ እያለ ይለምናል። ሞትን ከፈለጋችሁ ግን በዚህ ጠማማ መንገድ ውጡ፣ ዋርካ ከሚያህለው ባሉጥ ሥር ትቼዋለሁ ይላቸዋል። ሮጠው ሲደርሱ ስምንት ቁና የሚጠጋ የወርቅ ፍሎሪን ተከምሯል። ከዚያ ወዲያ ሞትን መፈለጉ ቀረ። ተረቱ ይህን በአንድ መስመር ብቻ ተናግሮ ያልፋል።

ወርቁን በቀን ብንወስድ ሌቦች ይሉናል፣ እስኪመሽ እንጠብቅ ይላሉ። ዕጣ ይጣላል፤ ትንሹ ዳቦና ወይን ሊገዛ ከተማ ይሄዳል። የቀሩት ሁለቱ፣ ሲመለስ አንደኛችን እንደ ጨዋታ ትግል እንግጠመው፣ ሌላችን በጩቤ እንውጋው ይባባላሉ። ትንሹም በመንገዱ የወርቁ መልክ እየታየው ሁሉ የኔ ብቻ ቢሆን ይላል። መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ገብቶ አይጥ አስቸግሮኛል፣ ዶሮዎቼንም የሚበላ አውሬ አለ ብሎ መርዝ ይገዛል። ሦስት ጠርሙስ ይዋሳል፤ ሁለቱ ውስጥ መርዝ ይጨምራል፤ ሦስተኛውን ንጹሕ ያደርገዋል፤ ሌሊቱን ወርቅ ሲሸከም የሚጠጣው ነዋ። ሲመለስ ይገድሉታል። ከቀብሩ በፊት እንቀመጥና እንጠጣ፣ ደስ ይበለን ይላል አንደኛው፤ እጁም ያገኘው መርዝ ያለበትን ጠርሙስ ነው። ሞትን ሊገድሉ የወጡት ሦስቱም ሞትን አገኙት።

ይህ ተረት ከቾሰር በፊትም በሌላ አገር ይታወቅ ነበር፤ ከቡድሃ የጃታካ ታሪኮች አንዱ በጣም ይመስለዋል። የቾሰር ፈጠራ ለማን አፍ መስጠቱ ላይ ነው። ስካርን የሚያወግዘው መጠጥ ቤት ጎራ ብሎ አፉን ያረጠበ ሰው ነው። ገንዘብ ወዳድነትን የሚኮንነው ገንዘብ ወዳድ ነው። ስብከቱ ደግሞ ይሠራል፤ ሌሎች ንስሐ ይገባሉ፣ እሱ ራሱ ይህን ይመሰክራል። እውነት ከውሸታም አፍ ሲወጣ እውነትነቱ አይቀንስም፤ ተናጋሪውን ግን አያድነውም።

ተረቱ ካለቀ በኋላ የሚሆነው ከተረቱ ይበልጣል። ሰባኪው ለአፍታ ድምፁ ይለወጣል፤ ከሁሉ የሚበልጠው የክርስቶስ ይቅርታ ነው፣ እናንተን አላታልልም ይላል። እውነተኛ የምትመስል የመጀመሪያ ቃሉ ይህች ናት። ትንፋሽ ሳይወስድ ግን አንድ ነገር ረስቼ ይልና ንዋዩን ያወጣል። እኔን የመሰለ ሰው አብሯችሁ መጓዙ ዕድል ነው፣ ምናልባት አንዳችሁ ከፈረስ ወድቃችሁ አንገታችሁ ቢሰበርስ? ይላል። ዘዴውን አንድ ባንድ ለነገራቸው ሰዎች ነው የሚሸጠው! መጀመሪያ ባለማደሪያው ይምጣ፣ ከሁሉም በኃጢአት የተጨማለቀ እሱ ነውና ይላል። ሃሪ ቤይሊ ይቆጣል፤ የወረወረበት ስድብ ወንድነቱን የሚነካ ነው። ያ ምላሰኛ ሰው ቃል ያጣል። ከተሳላሚዎቹ አንዱ የሆነው ፈረሰኛ መሐል ገብቶ ያስታርቃቸዋል፤ ተሳስመውም ጉዞው ይቀጥላል።

ለምን ሞከረ? ሰክሮ ነው የሚሉ አሉ፤ ቀልዶ ነው የሚሉም አሉ። የሃርቫርዱ ምሁር ጆርጅ ኪትሬጅ ከተሳላሚዎቹ ሁሉ ነፍሱ የጠፋ እሱ ነው ብሎ ፈርዶበታል። እኔ እጁ ለምዶ ይመስለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ስብከት ባለቀ ቁጥር እጁን ዘርግቷል፤ ሰሚው ዝም ሲል እጁ በራሱ ጊዜ ተዘረጋ። ድካሙን አንድ ሳያስቀር ያውቀዋል፤ ማወቁ አንድ ስንዝር አላራቀውም።

ሁለተኛው ሰው ጋዌን ይባላል። ታሪኩን የሚናገረውን ግጥም ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ የሚጽፍበት እንግሊዝኛ ከለንደን ርቆ በሰሜን ምዕራብ ሚድላንድስ የሚነገረው ነው። 2,530 መስመር ያለው ይህ ሥራ የቀረልን በአንድ ብራና ብቻ ነው፤ ብራናው በ1731 የኮተን ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ለጥቂት ተርፎ አሁን ለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በንጉሥ አርተር አዳራሽ፣ በአዲስ ዓመት ግብዣ፣ ከፈረሱ ጀምሮ እስከ ጺሙ አረንጓዴ የሆነ ግዙፍ ሰው መጥረቢያ ይዞ ይገባል። አንድ ጊዜ የሚመታኝ ይምጣ፣ በዓመቱ እኔ እመልስለታለሁ ይላል። ከአርተር ፈረሰኞች አንዱ የሆነው ጋዌን አንገቱን ይቀላዋል። ሰውየው ራሱን ከመሬት አንሥቶ፣ በቀጠሮህ ና ብሎ ይሄዳል። ዓመቱ ሲደርስ ጋዌን ሊሞት ይወጣል፤ መንገድ ላይም አንድ ግንብ ውስጥ በእንግድነት ያርፋል። ባለቤቱ ውል ያቀርብለታል፤ ሦስት ቀን እኔ ከአደን ያገኘሁትን እሰጥሃለሁ፣ አንተም እቤት ያገኘኸውን ስጠኝ ይለዋል። ባልየው ጫካ ሲሆን ሚስቱ ወደ ጋዌን መኝታ ትመጣለች። ጋዌን እሷንም ሳያስቀይም፣ ባሏንም ሳይበድል በጨዋነት ይከላከላል። በመጀመሪያው ቀን አጋዘን ተቀብሎ አንድ መሳም ይመልሳል፤ በሁለተኛው ቀን የዱር ዐሣማ ተቀብሎ ሁለት። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ አረንጓዴ መታጠቂያ ትሰጠዋለች፤ ይህን የታጠቀ ሰው አይገደልም ትለዋለች። የወርቅ ቀለበቷን እምቢ ያለው ሰው ይህን ይቀበላል፤ ለባሏ እንዳይነግርም ይስማማል።

ደራሲው ከዚህ ቀጥሎ ያደረገውን በቅርብ ተመልከቱልኝ። ጋዌን መታጠቂያውን ደብቆ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤቱ ሄዶ ይናዘዛል። ካህኑም ነገ የፍርድ ቀን ቢሆን እንኳ የሚያስተማምን አድርጎ ከኃጢአቱ ይፈታዋል። መታጠቂያው ግን እዚያው ተደብቆ ነው። ደራሲው አንድ ቃል አይተነፍስም። ማታ ደግሞ በሌሎቹ ቀናት ባልየው ቀድሞ ይሰጥ የነበረው ተለውጦ ጋዌን ይቸኩላል፤ ቀድሞ ሦስት መሳም ይከፍላል። ዕዳ የቀረበት ሰው ነው ቀድሞ ሒሳብ የሚዘጋው። ባልየው በምላሹ ያን ቀን ያደነውን ይሰጠዋል፤ የቀበሮ ቆዳ ነው።

በቀጠሮው ቦታ የመጥረቢያ መሳል ይሰማል። መጀመሪያ መጥረቢያው ሲነሣ ጋዌን ትከሻውን ይሰብቃል፤ አረንጓዴው ሰው ይስቅበታል። ሁለተኛው የማስፈራሪያ ነው። ሦስተኛው አንገቱን ጫር ያደርገውና ደሙ በረዶው ላይ ይንጠባጠባል። ሰውየው የግንቡ ባለቤት ራሱ ኖሯል። ሁለቱ ያልመቱህ ለሁለቱ የታማኝነት ቀናት ናቸው፤ ጭረቷ ለመታጠቂያው ናት ይለዋል። ጥፋትህ ስለ ሴት ወይም ስለ ንብረት አልነበረም፣ ሕይወትህን ስለ ወደድህ ነው፤ ስለዚህ አብዝቼ አልወቅስህም ይላል። ስቆ ይቅር ይለዋል።

ጋዌን ግን ራሱን ይቅር አይልም። ፊቱ በኀፍረት ይቀላል፤ መታጠቂያውን ይወረውራል፤ ራሱን ፈሪ፣ ስግብግብ እያለ ይረግማል። ከዚያ ያ ጨዋ ሰው በድንገት አዳምንም ሰሎሞንንም ሶምሶንንም ዳዊትንም ያሳቱት ሴቶች ናቸው፣ እኔ ብሳሳት ምን ይገርማል ይላል። ጥፋቱን ተቀብሎ ሳይጨርስ ለሌላ ማሸከም ጀመረ። ደራሲው እዚህም ዝም ይላል። (ከቾሰር ተሳላሚዎች አንዷ፣ የባዝ ከተማዋ ሴትዮ፣ ይህን ብትሰማ መልስ አታጣም ነበር። አምስተኛው ባሏ ጃንኪን ስለ ክፉ ሚስቶች የሚተርክ መጽሐፍ ማታ ማታ ሲያነብባት፣ ገጾቹን ቀድዳ በቡጢ ብትለው እሱም መትቶ አንድ ጆሮዋን አደነቆራት። መጽሐፉን ሴቶች ጽፈውት ቢሆን ስለ ወንዶች ክፋት ስንት ነገር በተጻፈ ትላለች።) ጋዌን ወደ አርተር ቤት ሲመለስ መታጠቂያውን የውርደቴ ምልክት ነው ብሎ ለሁሉም ያሳያል። ጓደኞቹ በደስታ ይስቁና ሁላችንም አረንጓዴ መታጠቂያ እንልበስ ይላሉ።

ማን ነው ትክክል? በኔ ግምት ሁለቱም አይደሉም። ጓደኞቹ ነገሩን አልተረዱትም፤ የእሱን ኀፍረት ጌጥ አደረጉት። ጋዌንም ሰው መሆኑን አልተቀበለም፤ ሳይሞት መኖርን መውደድ ከእሱ የማይጠበቅ ይመስለዋል። ከስርየት ሻጩ ጋር ስታስተያዩት ግን የምትመርጡት ማንን እንደሆነ አያጠራጥርም። ጋዌንን ባልንጀራ አድርጎ መንገድ መሄድ ይቻላል።

ቾሰር ራሱ በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ለጻፋቸው የዓለማዊ ሥራዎች ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅርታ ለመጠየቅ ደግሞ በስም መዘርዘር ነበረበት፤ የሥራዎቹን ዝርዝር የሚፈልግ ተማሪ ዛሬም ከንስሐው ያገኘዋል። ይህ ምፀት ይሁን እውነተኛ ንስሐ ስድስት መቶ ዓመት አከራክሯል። እውነተኛ ንስሐ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፈገግታው ግን አልለቀቀውም።

በእንግሊዝኛ ማንበብ ለምትችሉ፣ የጥንቱ ቋንቋ ካስቸገራችሁ የኔቪል ኮግሂል ዘመናዊ ቅጂ ከ1951 ጀምሮ በፔንግዊን እየታተመ ይገኛል፤ ጋዌንን ሳይመን አርሚቴጅ በ2007 አሳትሞታል። ከልጆቻችሁ ጋር ከሆነ ከአውራ ዶሮውና ከቀበሮው ተረት ጀምሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የባለወፍጮውን ተረት አትለፉት፤ አሳፋሪ ሆኖ ካገኛችሁት ግን አትጨነቁ። ቾሰር ራሱ ተረቱ ከመጀመሩ በፊት፣ መስማት የማይፈልግ ሰው ገጹን ገልብጦ ሌላ ተረት ይምረጥ ብሎ ፈቅዷል።